የመሣሪያ በር፦ የጦር መሣሪያ ንግድ ዓለም አቀፍ ቁጥጥርና ኢትዮጵያ

ጠመንጃና ጥይት ለጠላት እንዳይሸጥ መከልከል የቆየ ልማድ ነው። ነገሥታት ብረትና ፈረስ ከግዛታቸው እንዳይወጣ አዋጅ ሲያስነግሩ ኖረዋል። ብዙ መንግሥታት በአንድ ውል ታስረው የትኛው መሣሪያ፣ ለማን፣ በየት በኩል ማለፍ እንዳለበት በጋራ መወሰን የጀመሩት ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1890 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ጠቅላላ ስምምነት የዚህ አሠራር ትልቁ መነሻ ነው። ዛሬ የኑክሌር ቁሳቁስን፣ የሚሳይል ክፍሎችን፣ የኬሚካል ግብዓቶችንና የተራቀቁ ማሽኖችን ሽያጭ የሚቆጣጠሩት ስምምነቶች ያኔ የተሞከሩትን መንገዶች እያሻሻሉ የመጡ ናቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያ ልዩ ቦታ አላት። ቁጥጥሩ መጀመሪያ ያነጣጠረው አፍሪካ ላይ ሲሆን፣ በአህጉሩ ነጻነታቸውን ጠብቀው ከቆዩት እጅግ ጥቂት አገሮች አንዷ እሷ ነበረች። ሉዓላዊ መንግሥት እንደመሆኗ መሣሪያ የመግዛት መብት ነበራት፤ የባሕር በር ስላልነበራት ግን የገዛችው ዕቃ የሚያልፈው በሌሎች ወደብ ነበር። ከ1890 እስከ 1936 የተፈረሙት ዋና ዋና የመሣሪያ ንግድ ውሎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ይነኳታል። ታሪካቸው ደጋግሞ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፦ እንዲህ ያለ ቁጥጥር ሰላምን የሚጠብቀው በረኞቹ ለሌላው የሚያወጡት ሕግ እነሱንም ሲገዛ ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብራስልስ በፊት

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የቀይ ባሕር ጠረፍ በኦቶማን ቱርክ፣ ኋላም በግብጽ እጅ ስለነበር ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመናዊ መሣሪያ ከውጭ ማስገባት አልሆነላቸውም። ስለዚህ በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት በተባለው ቦታ ከሚሲዮኖች ጋር የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አደረጉ። ከእነዚህ ትልቁ ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ። መሣሪያ መግዛት ያልቻለ መንግሥት ባለሙያ ፈልጎ በአገሩ ለማሠራት መሞከሩ በኋላ ዘመንም በብዙ አገሮች የታየ ነገር ነው።

እንግሊዞች በ1868 ከመቅደላ ሲመለሱ ለረዷቸው ለትግራዩ ገዥ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፎች፣ ከስምንት መቶ በላይ ጠመንጃዎችና ጥይት ትተው ሄዱ። ካሳ በ1871 አድዋ አጠገብ በቁጥር ይበልጣቸው የነበረውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ድል ሲነሱ ይህ መሣሪያ ብዙ ረድቷቸዋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ከነገሡ በኋላም ጉንደትና ጉራ ላይ ከተሸነፈው የግብጽ ጦር በርካታ የሬሚንግተን ጠመንጃዎች ማረኩ። ሆኖም በምርኮ የሚገኝ መሣሪያ ጥይቱ ሲያልቅ ዱላ ነው፤ የማያቋርጥ አቅርቦት የሚያስገኘው ወደብ ነበር።

በጁን 1884 አድዋ ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የሂዌት ውል የተፈለገውን መብት በግልጽ ሰጠ። በውሉ መሠረት ጦር መሣሪያና ጥይትን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ ክልከላ በምጽዋ በኩል ሊያልፍ ይችል ነበር። ውሉ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1885፣ ጣልያን ምጽዋን ያዘች፤ እንግሊዝም አልተቃወመችም። በወረቀት የተሰጠው የማሳለፍ መብት ወደቡ እጅ ሲለውጥ ዋጋ አጣ።

በደቡብ በኩል የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዓይናቸውን ወደ ታጁራና ኦቦክ ጣሉ። ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ፈረንሳዮች ነበሩ፤ ጠመንጃዎቹም የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች አዲስ ሞዴል ሲያስገቡ በርካሽ የሚሸጧቸው ያገለገሉ መሣሪያዎች ነበሩ። ስናድር፣ ሬሚንግተንና ውጅግራ የሚባሉት ዓይነቶች በአገሩ የታወቁት በዚህ መንገድ ነው። ንግዱ ምን ያህል አድካሚ እንደነበር ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ የገጠመው ያሳያል። ራምቦ ወደ 2,000 የሚሆኑ ጠመንጃዎች ይዞ ታጁራ ላይ ለወራት ተቀመጠ። ግመል ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ በ1886 የጸደይ ወራት ደግሞ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ወደ ሸዋ መሣሪያ ማስገባትን ስለከለከሉ እሱና ሸሪኩ ላባቱ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የአቤቱታ ደብዳቤ ጻፉ። ክልከላው ቢላላለትም ላባቱ ሞተ፤ አብሮ ሊጓዝ የነበረው ሌላው ነጋዴ ሶሌዬም ሞተ። ራምቦ በኦክቶበር ብቻውን ሲራራውን ይዞ የአፋርን በረሃ አቋረጠና በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ምኒልክ ያን ጊዜ በጨለንቆ ድል ሐረርን ይዘው ነበርና ዋጋውን የተደራደሩት እንጦጦ ላይ ነው። ከተጠየቀው ብዙ ተቀንሶ፣ የሟቹ ሸሪክ ዕዳም ተቆርጦ፣ ቀሪው ሐረር ላይ በራስ መኮንን በኩል እንዲከፈል ታዘዘ። ሻጩ አልተጠቀመም፤ ገዥው ግን የሚፈልገውን ጠመንጃ አገኘ።

የብራስልስ ጠቅላላ ስምምነት

የብራስልስ ጉባኤ የተጠራው የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ነው። ባሪያ ፈንጋዮች መንደር የሚያቃጥሉትና ሰው የሚማርኩት በጠመንጃ ኃይል ስለሆነ፣ ጠመንጃው ከታገደ ንግዱም ይከስማል የሚለው ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። 17 መንግሥታት የፈረሙት ስምምነት ከአንቀጽ 8 እስከ 14 ያለውን ክፍል ለመሣሪያ ንግድ ሰጠ። ክልከላው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ20ኛው ዲግሪ ጀምሮ በስተደቡብ እስከ 22ኛው ዲግሪ ድረስ ያለውን የአፍሪካ ክፍል በአቅራቢያው ካሉ ደሴቶች ጋር ይሸፍናል። በዚህ ቀጠና ዘመናዊ ጠመንጃና ጥይት ማስገባት ተከለከለ። በባልጩት ድንጋይ የሚተኮሱ አሮጌ ጠመንጃዎችና ተራ ባሩድ ግን በገደብ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ወደ ወደብ የገባ መሣሪያ ሁሉ በመንግሥት መጋዘን ተቀምጦ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ተደነገገ።

በዚህ አሠራር ውስጥ የኋለኛው ዘመን የቁጥጥር ስልቶች በጥንስሳቸው ይታያሉ። ዘመናዊውን ከአሮጌው የሚለይ የመሣሪያ ዝርዝር፣ በካርታ የተከለለ ቀጠና፣ መጋዘንና ፈቃድ እንዲሁም በመንግሥታት መካከል የሚደረግ የመረጃ ልውውጥ ሁሉ አሉበት። ጉድለቱም አብሮ ይታያል። ክልከላው ቅኝ ገዥዎቹ ለራሳቸው ጦር የሚያስገቡትን መሣሪያ አይነካም ነበር። ስለዚህ ባሪያ ፈንጋዩን ለማስፈታት የታሰበው ውል ወራሪን የሚቋቋመውንም አፍሪካዊ ባዶ እጁን የሚያስቀር ሆነ።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ከሌሎቹ የተለየው በውጫሌ ውል ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል አንቀጽ 17 ይዛ ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንደምታስተዳድር ያስታወቀችው ጣልያን፣ በብራስልስ ጉዳይ አሁን ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ምኒልክን ወክላ አገሪቱን የስምምነቱ ተካፋይ አደረገች። ሐሳቧ ወዳጇ ነው ብላ የገመተችውን ንጉሠ ነገሥት ማስታጠቅ ነበር። ነገር ግን የስምምነቱ ተካፋይ የሆነ ሉዓላዊ መንግሥት ለራሱ ጦር መሣሪያ የማስገባት መብት ስላለው፣ ጣልያን ሳታስበው ለምኒልክ ሕጋዊ መንገድ ከፈተችላቸው። ራሷም ጠመንጃና ጥይት አቀረበች፤ በ1893 መጀመሪያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጥይት ሸዋ ደረሰ። በዚያው ጊዜ ምኒልክ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

ከዚያ ወዲህ የጣልያን ዲፕሎማቶች በጅቡቲ በኩል የሚገባውን መሣሪያ ለማስቆም ፓሪስን ቢወተውቱም የፈረንሳይ ነጋዴዎች ማቅረባቸውን ቀጠሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር በአብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ፣ መድፍና መትረየስም የያዘ ነበር። የድሉ ምክንያት ብዙ ነው፤ የጦሩ ትጥቅ ግን ከሻጮቹ መንግሥታት አለመስማማት የተገኘ መሆኑ አያጠራጥርም።

የሦስቱ ጎረቤቶች ስምምነት

ከአድዋ በኋላ መሣሪያ ማሳለፍ የዲፕሎማሲ መደራደሪያ ሆነ። በሜይ 1897 ከእንግሊዙ ልዑክ ሮድ ጋር በተፈረመው ውል ምኒልክ በግዛታቸው በኩል ለሱዳን መሐዲስቶች መሣሪያ እንዳያልፍ ለመከልከል ቃል ገቡ። በዚህ ውል ኢትዮጵያ ራሷ በረኛ ሆና ታየች።

በሶማሌ ምድር በሰይድ መሐመድ አብደላ ሐሰን የተመራው አመፅ ከ1899 ጀምሮ ሲቀጣጠል ግን እንግሊዝና ጣልያን በየጠረፉ የሚዞረውን ጠመንጃ በፍርሃት ማየት ጀመሩ። የምኒልክ ጤናም መታወክ ስለጀመረ ከእሳቸው በኋላ አገሪቱ ትበታተናለች የሚል ግምት ነበር። በዚህ መንፈስ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ዲሴምበር 13 ቀን 1906 ለንደን ላይ ሁለት ስምምነቶች ተፈራረሙ። አንደኛው የየራሳቸውን የጥቅም አካባቢ የከፋፈሉበት የታወቀው የሦስትዮሽ ውል ነው። ሁለተኛው ብዙ ያልተወራለት ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ መሣሪያን ይመለከታል። በየወደቦቻቸው ጥብቅ ክትትል ለማድረግ፣ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመላለሱትን ጀልባዎች ለመቆጣጠርና ለመተባበር ተስማሙ። ኢትዮጵያ በሁለቱም ስምምነቶች ላይ ፈራሚ አልነበረችም።

ሕጋዊው መንገድ ሲጠብ የኮንትሮባንዱ መንገድ ሰፋ። ከኦማን መስቀጥ በጀልባ የሚመጣ ጠመንጃ በሌሊት በጠረፉ ይራገፍ ነበር። ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ በዚህ ንግድ ተሰማርቶ ጅቡቲ ላይ ከታሰረ በኋላ ታሪኩን በመጻሕፍቱ አስፍሯል። የብራስልስን ስምምነት ለማጥበቅ በ1908 እና በ1909 የተጠራው ጉባኤም ያለ ውጤት ተበተነ። ፈረንሳይ የጅቡቲንና የመስቀጥን ንግድ በቀላሉ ለመተው አልፈለገችም፤ አንድ በር ክፍት እስካለ ድረስ ደግሞ የሌሎቹ መዘጋት ንግዱን ወደዚያ ከመምራት በቀር ትርፍ አልነበረውም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ ዤኔቭ

በጦርነቱ ዘመን ሦስቱ መንግሥታት በአንድ ወገን ስለተሰለፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን በእርግጥ መዝጋት ቻሉ። የልጅ ኢያሱ ፖለቲካ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላል ብለው የሰጉት የአዲስ አበባ ለጋሲዮኖች በ1916 ያጠበቁት እገዳ ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ተፈሪ ሥልጣን ከያዙ በኋላም አልተነሳም። ምክንያቱ ቢቀየርም ክልከላው ቀጠለ።

ጦርነቱ ሲያበቃ በሚሊዮን የሚቆጠር ጠመንጃ ያለ ሥራ ቀረ። ይህ መሣሪያ ወደ ቅኝ ግዛቶች እንዳይፈስ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1919 በሳን ዠርመን የተፈረመው ስምምነት የብራስልስን ቦታ ያዘ። አዲሱ ቀጠና ከአልጄሪያ፣ ከሊቢያና ከደቡብ አፍሪካ ኅብረት በቀር አፍሪካን በሙሉ፣ ከዚያም የዓረብን ልሳነ ምድር፣ ፋርስንና የቀድሞውን የኦቶማን እስያ ክፍል ያጠቃልላል። ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የፋርስ ባሕረ ሰላጤም የባሕር ቀጠና ሆኑ። ስምምነቱ የወጪ ንግድ ፈቃድን የጋራ ደንብ ከማድረጉም ሌላ መንግሥታት ስለ ሰጧቸው ፈቃዶች ዓመታዊ መግለጫ እንዲያወጡ ጠየቀ። ይሁን እንጂ አሜሪካ ለማጽደቅ ፈቃደኛ አልሆነችም፤ ካልፈረሙ አገሮች ጋር መነገድን ስለሚከለክል ለላቲን አሜሪካ የምትሸጠውን ይነካባት ነበር። ትልቁ አምራች ሲቀር ሌሎቹም ገበያቸውን ለእሱ ላለመልቀቅ ወደ ኋላ አሉ።

ኢትዮጵያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን መሣሪያው እንደገና መነጋገሪያ ሆነ። ከባሪያ ንግድ ጋር ተያይዞ እንደ ቅድመ ሁኔታ ከተጠየቁት መግለጫዎች አንዱ በመሣሪያ ረገድ የሳን ዠርመንን ስምምነት መርሆዎች እንድትቀበል የሚያስገድድ ነበር። በዚህም ብዙዎቹ ፈራሚዎች ራሳቸው ያላጸደቁት ደንብ በእሷ ላይ ግዴታ ሆነ።

አባልነቱ ግን ድምፅ አስገኘ። በ1925 ከሜይ እስከ ጁን ዤኔቭ ላይ በተካሄደው የመሣሪያ ንግድ ጉባኤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ተገኝተው፣ የማኅበሩ ሙሉ አባል የሆነች አገር ከቅኝ ግዛቶች ጋር በአንድ የክልከላ ቀጠና ልትመደብ እንደማይገባ ተከራከሩ፤ ከልዩ ቀጠናዎቹ ዝርዝር እንድትወጣም አደረጉ። በጉባኤው መሣሪያ የማያመርቱ ሌሎች ትንንሽ አገሮችም ብርቱ ቅሬታ አሰሙ። ንግዱ ብቻ በይፋ ከተመዘገበ ገዥው ስንት ጠመንጃና መድፍ እንዳለው ጎረቤቱ ያውቃል፤ በራሱ ፋብሪካ የሚያመርተው ግን ምሥጢሩ ይጠበቅለታል። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም።

ጁን 17 ቀን 1925 የተፈረመው ስምምነት በቂ መንግሥታት ስላላጸደቁት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በዚያው ቀን በዚያው ጉባኤ የተፈረመው የመርዝ ጋዝና የባክቴሪያ ጦርነት ክልከላ ፕሮቶኮል ግን በ1928 ጸና። ጣልያን በዚያው ዓመት ስታጸድቀው ኢትዮጵያ ደግሞ በኦክቶበር 1935 ተቀበለችው።

የ1930 የፓሪስ ውል

በሠላሳዎቹ መግቢያ ላይ የአዲስ አበባ መንግሥት ማዕከላዊ ኃይሉን ለማጠናከር መሣሪያ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን በኦገስት 1929 አዲስ አበባ ገባ፤ በማርች 1930 አንቺም ላይ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ አውሮፕላን ዋለ። ኦገስት 21 ቀን 1930 ፓሪስ ላይ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጣልያንና በኢትዮጵያ መካከል የተፈረመው ውል ከ1906ቱ የሚለየው ኢትዮጵያ ራሷ ፈራሚ መሆኗ ነው።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። መሣሪያ መግዛት የሚችለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ግዢም ዓይነቱንና ብዛቱን የሚገልጽ የጽሑፍ ትእዛዝ ይቀርባል። ሦስቱ ጎረቤቶች ትእዛዙን አይተው በግዛታቸው እንዲያልፍ ይፈቅዳሉ፤ ፈቃድ ለሌለው ሰው የሚሄደውን ይይዛሉ። ይህ ደንብ ለማዕከላዊው መንግሥት ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ መኳንንት እንደ ቀድሞው በራሳቸው ነጋዴ በኩል መሣሪያ ማከማቸት አይችሉምና። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ ጸጥታን የሚያሰጋ ነው ብለው ካመኑ ጎረቤቶቹ ማሳለፉን ሊከለክሉ የሚችሉበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከጎረቤቶቹ አንዱ ወራሪ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ግን በግልጽ አልተጻፈም።

1935፦ ለሁለቱም ወገን የተዘጋ በር

ፈተናው ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። በጃንዋሪ 1935 ሮም ላይ ላቫልና ሙሶሊኒ ባደረጉት ስምምነት ፈረንሳይ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ኩባንያን አክሲዮን በከፊል ለጣልያን አሳለፈች። ጣልያን ወደ ኤርትራና ሶማሊያ ጦር ስታጓጉዝ ኢትዮጵያ ለጠመንጃ፣ ለጥይትና ለፀረ አውሮፕላን መድፍ ገበያ ትፈልግ ነበር። ጁላይ 25 ቀን 1935 የእንግሊዝ መንግሥት ለጣልያንም ሆነ ለኢትዮጵያ የመሣሪያ መላኪያ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወቀ፤ ሌሎች የአውሮፓ ሻጮችም በራቸውን ዘጉ። አሜሪካ በኦገስት ባወጣችው የገለልተኝነት ሕግ መሠረት በኦክቶበር መጀመሪያ በሁለቱ ተዋጊዎች ላይ እገዳ አወጀች።

በአነጋገር ደረጃ ይህ ለማንም ያላደላ ፍርድ ነበር። በተግባር ግን ጣልያን ጠመንጃዋን፣ ታንኳን፣ አውሮፕላኗንና ጥይቷን በራሷ ፋብሪካዎች ታመርታለች፤ ኢትዮጵያ ሁሉንም ከውጭ ትገዛለች። በሁለቱም ላይ እኩል የተጣለ እገዳ የጎዳው አንዱን ብቻ ነው። ለጦርነት ዝግጅት የሚያስፈልጉት ሦስት ወራት፣ ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር፣ በዚህ ሁኔታ አለፉ።

ጣልያን ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወረራውን ስትጀምር የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት የማኅበሩን ቃል ኪዳን ማፍረሷን ወሰነ። ኦክቶበር 11 ቀን የአስተባባሪው ኮሚቴ የመጀመሪያ ውሳኔ በኢትዮጵያ ላይ የነበረው የመሣሪያ እገዳ እንዲነሳና በጣልያን ላይ እንዲጣል ጠየቀ። በሕግ ረገድ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነበር፤ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው። መሣሪያ ታዝዞ፣ ተከፍሎበት፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ተራግፎ ግንባር እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ዋናው መንገድ የጅቡቲ ባቡር ነበር፤ ፈረንሳይ ግን መሣሪያ እንዳይመላለስበት እንቅፋት ፈጠረች፤ አንዳንዱ ዕቃ በበርበራ በኩል በመኪና መጓዝ ነበረበት። በኖቬምበር በጣልያን ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብም ለታንክና ለአውሮፕላን ሕይወት የሆነውን ነዳጅ አልጨመረም። የስዊዝ ቦይ ለጣልያን መርከቦች ክፍት ነበር።

ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የጣልያን አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆና በሌሎች ግንባሮች የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ። ዤኔቭ ላይ በአንድ ቀን ከተፈረሙት ሁለት ሰነዶች አንዱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ሌላው ሥራ ላይ እያለ ተጣሰ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ባሰሙት ንግግር ከጠቀሷቸው በደሎች አንዱ ይኸው ነበር፦ ኢትዮጵያ ለመከላከያ የሚሆናትን መሣሪያ እንዳታመላልስ የተሰናከለባት ባቡር በዚያን ሰዓት ለጣልያን ጦር ስንቅ ያመላልስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥርዓቶች

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቁጥጥሩ ዓላማውን ለወጠ። አሜሪካና ተባባሪዎቿ በ1949 መጨረሻ ላይ የመሠረቱትና መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ኮኮም የተባለው አስተባባሪ ኮሚቴ ለሶቪየት ኅብረትና ለወዳጆቿ የጦር መሣሪያና የተራቀቀ ቴክኖሎጂ እንዳይሸጥ ይከታተል ነበር። በክልከላው ዝርዝር ላይ ያለን ዕቃ በልዩ ሁኔታ ለመሸጥ የአባላት ሁሉ ስምምነት ያስፈልግ ስለነበር አንድ አባል ብቻውን ማገድ ይችል ነበር። ጠመንጃ መቁጠር ብቻ እንደማይበቃ በጉልህ ያሳየው በ1987 ይፋ የወጣው ጉዳይ ነው። የጃፓኑ ቶሺባ ማሽን እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የብረት መቅረጫ ማሽኖችን፣ የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ደግሞ መቆጣጠሪያ ኮምፒዩተራቸውን በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ለሌኒንግራድ የመርከብ ፋብሪካ ሸጠው ነበር። ማሽኖቹ ፋብሪካው የባሕር ሰርጓጅ መርከብን ድምፅ የሚቀንሱ ፕሮፔለሮች እንዲቀርጽ አስቻሉት። የተሸጠው መሣሪያ ሳይሆን መሣሪያ የሚሠራው ማሽን ነበር።

በሌላ በኩል አቅራቢ አገሮች ለየዘርፉ ማኅበራት አቋቋሙ። በሜይ 1974 ሕንድ የኑክሌር ፍንዳታ ካደረገች በኋላ የኑክሌር አቅራቢዎች ቡድን ተመሠረተ። ኢራቅ በኢራን ላይ የኬሚካል መሣሪያ መጠቀሟ በ1985 የአውስትራሊያ ቡድን እንዲቋቋም ምክንያት ሆነ። በ1987 የጸናው የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት 500 ኪሎ ግራም ተሸክሞ 300 ኪሎ ሜትር መጓዝ የሚችልን ሚሳይል እንደ መለኪያ ያዘ። ኮኮም በማርች 1994 ሲፈርስ በ1996 ሥራ የጀመረውና ጽሕፈት ቤቱ ቪየና የሆነው የቫሰናር ስምምነት ተተካ። ቫሰናር የጦር መሣሪያንና ለሰላምም ለጦርም የሚውሉ ዕቃዎችን የያዙ ሁለት ዝርዝሮች አሉት፤ አባላት መረጃ ይለዋወጣሉ፤ ፈቃድ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣን ግን የየአገሩ ነው። እነዚህ ሁሉ የአቅራቢዎች ማኅበራት ናቸው፤ ገዥ አገሮች በደንቡ ቀረጻ ላይ ድርሻቸው ትንሽ ነው።

ለሁሉም አገሮች ክፍት የሆነው መንገድ የተባበሩት መንግሥታት ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በኤፕሪል 2004 ያጸደቀው ውሳኔ 1540 የኑክሌር፣ የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያ በመንግሥት ያልሆኑ ወገኖች እጅ እንዳይገባ እያንዳንዱ አገር የወጪ ንግድና የጠረፍ ቁጥጥር ሕግ እንዲኖረው ያስገድዳል። ተራ መሣሪያዎችን የሚመለከተው የመሣሪያ ንግድ ውል በኤፕሪል 2013 በጠቅላላ ጉባኤው ጸድቆ ዲሴምበር 24 ቀን 2014 ሥራ ላይ ዋለ። በእሱ መሠረት ሻጩ መሣሪያው ለዘር ማጥፋት ወይም ለከባድ የጦር ወንጀል እንደሚውል እያወቀ ሊሸጥ አይችልም፤ ሌላውንም አደጋ ከሽያጩ በፊት መመዘን ይኖርበታል።

የአፍሪካ ቀንድም በእነዚህ ሥርዓቶች ውስጥ በተለያየ መልክ ይታያል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ የጸጥታው ምክር ቤት በሜይ 2000 ባሳለፈው ውሳኔ 1298 በሁለቱም ላይ ለአንድ ዓመት የመሣሪያ እገዳ ጥሎ ነበር፤ ሁለቱም ከውጭ ገዥዎች ስለነበሩ ክብደቱ ከ1935ቱ ይለያል። በኤፕሪል 2004 ደግሞ የታላላቅ ሐይቆችና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በቀላል መሣሪያዎች ላይ የናይሮቢን ፕሮቶኮል ፈረሙ። መሣሪያዎች መለያ ቁጥር እንዲታተምባቸው፣ መዝገብ እንዲያዝና ትርፍ መሣሪያ እንዲወገድ የሚጠይቀው ይህ ሰነድ በአካባቢው አገሮች ራሳቸው የተዘጋጀ ነው።

ከብራስልስ እስከ ናይሮቢ ባለው ሂደት ውስጥ ስልቶቹ እጅግ ተሻሽለዋል። የ1930ው የጽሑፍ ትእዛዝ ዛሬ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ሰነድ በሚባለው አሠራር ይታያል፤ የወደብ መጋዘኑ የጉምሩክ ፍተሻ፣ የጠመንጃው ዝርዝር የማሽንና የሶፍትዌር ዝርዝር ሆኗል። ያልተለወጠው የፍትሕ ጥያቄው ነው። አንድ አምራች ሲቀር ቁጥጥሩ ይከሽፋል፤ ሳን ዠርመን ይህን አሳይቷል። የሚመለከተው አገር ሳይጠየቅ ሲወሰን ቁጥጥሩ የጥቅም መሣሪያ ይሆናል፤ የ1906ቱ ስምምነት ምስክር ነው። ወራሪውንና ተወራሪውን በአንድ ዓይን የሚያይ እገዳ ደግሞ ለታጠቀው ያደላል፤ ይህን ኢትዮጵያ በ1935 በደም ከፍላ አሳይታለች። ዛሬ የመሣሪያ ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ከመፍቀዳቸውም ሆነ ከመከልከላቸው በፊት ገዥው ማን እንደሆነ፣ ዕቃው ለምን እንደሚውልና ክልከላው በማን ላይ እንደሚከብድ መመርመራቸው ተገቢ የሚሆነው በእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ነው።